ከውጭ የሚያልበው ፓምፕ

ግንቦት 11 ቀን

ለተወደድከው ለአክስቴ ልጅ፣ ለእኛው መጋዝ፤

ከራስ ጠጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ እንደምን ከርመሃል? እኛ ካንተ ናፍቆት በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን። ብርዱ ለቀቅ አድርጎህ ከሆነ ፈጣሪ ይመስገን፤ ካልለቀቀህም የሰደድኩልህን ሹራብ አትናቀው። እጅጌው ቢረዝም ጠቅልለው፤ የሠራሁት ለቁመትህ ሳይሆን ለናፍቆቴ ነው።

ያለፈውን ደብዳቤህን እንደ ልማዳችን እሁድ ከምሳ በኋላ ጮክ ብዬ አነበብኩት። አባባ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ዜና እንደሚሰማ ሰው ጸጥ ብሎ አዳመጠ። ሲያልቅ «ድገሚው» አለኝ። ባለቤቴ «አባባ፣ ቃል በቃል ሸመደድነው እኮ» ቢለው፣ «አንተ ሰው ፎቶ ስታነሳ አንዴ ብቻ አንስተህ ትለቃለህ?» ብሎ አፉን አስያዘው። እኔስ በስልክ ባወራህ ይቀለኝ ነበር። ግን አባባን ታውቀዋለህ፤ ስልክ ላይ «ሃሎ፣ ሃሎ» ሲል ጊዜው ያልቅበታል። ወረቀት ካልሆነ አንተ ያልከው አይመስለውም።

አሁን ወደ ችግሬ ልምጣ። ገጣጥመህ የላክልን ኮምፒውተር፣ ያ ውሃ ሆዱ ውስጥ እየዞረ የሚያቀዘቅዘው፣ ሰሞኑን ጉድ ሠራኝ። የሠርግ ቪዲዮ እያቀናበርኩ ነበር። ሙሽራው የሙሽሪትን ጣት ይዞ ቀለበቱን ሊያጠልቅ ሲል ስክሪኑ ድርግም። መልሼ ስከፍተው ትንሽ ይሠራና ድርግም። ጎንበስ ብዬ ባዳምጥ ከውሃ ማጠራቀሚያው ሥር ያለው ትንሹ ፓምፕ ጭጭ ብሏል። ድሮ እንደ ጠገበች ድመት ያንኮራፋ ነበር። ውሃው ካልዞረ ማሽኑ እንደሚግልና እንዳይቃጠል ራሱን እንደሚያጠፋ ነግረኸኝ ስለነበር ገባኝ።

ባለቤቴ «የአክስትሽ ልጅ የላከልን ኮምፒውተር ነው ወይስ የጭነት መኪና?» እያለ ይቀልዳል። ቀልዱ ግን ከአንገት በላይ ነው። ፎቶ ቤት መሆናችን ቀርቶ ይቅርታ ቤት ሆነናል። የሙሽሪት እናት በየጠዋቱ ብቅ ትላለች። ባሏ «ለራሷ ሠርግ እንኳ እንዲህ አልተጣደፈችም» አለኝ በጆሮዬ።

ከተቻለህ ሌላ ፓምፕ በሰው እጅ ስደድልኝ። አባባ ደህና ነው።

እህትህ ጠብታ


ሰኔ 2 ቀን

ለእህቴ ለጠብታ፣ እንዲሁም ተሰብስባችሁ ለምትሰሙኝ ሁሉ፤

በያላችሁበት ሰላማችሁ ይብዛ። ጋሼ፣ ጉልበትህ እንዴት ነው? ፎቶ አንሺው፣ ያ የጭነት መኪና ነገር ደርሶኛል፤ ቂም አልያዝኩም።

እኔ ደህና ነኝ። ያው የጥገናው ሱቅ ጠባብ ነው፤ ከጠረጴዛዬ ስነሳ ወንበሬ ከኋላዬ ያለውን ሰውዬ ወንበር ካልገፋ አይወጣም። ክፍሌ ከልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። «እንደ ጠገበች ድመት» ስትዪ በጣም አሳቀኝ፤ ወዲያው ደግሞ ጋሼ በረዶ እየሠራ ይሸጥበት ወደነበረው በረዶ ቤት ይዞኝ ገባ። ጋሼ ጠዋት በሩን ከፍቶ፣ ምንም ሳይናገር ትልቁን ሞተር ሲያዳምጥ ትዝ ይልሻል? በድምፁ ብቻ «ዛሬ ሸክላው ይበዛል» ወይም «ዛሬ ያኮርፈናል» ይል ነበር። ሸክላ የሚለው ያን ረጅሙን የበረዶ ጡብ ነበር። እኔና አንቺ እስከ ጉልበታችን ሰጋቱራ ውስጥ ገብተን፣ የተቀበረውን በረዶ በጣታችን እየዳበስን ስንፈልግ፣ ቀዝቃዛው ሲነካን የምንጮኸው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። አንቺ ጋሪው ላይ በጆንያ የተጠቀለለ በረዶ ላይ እንደ ንግሥት ተቀምጠሽ ትሄጂና፣ ቀሚስሽ እየተንጠባጠበ ቤት ስትገቢ እናትሽ «ይቺስ ልጅ አይደለችም፣ ጠብታ ናት» አለች፤ ስሙ ቀረብሽ። እኔም መጋዙን ከጋሼ እጅ ካልነጠቅሁ ብዬ አፈር ላይ ተንከባልዬ ባለቀስኩባት ቀን መጋዝ ሆንኩ። እናቴ ሞታብኝ እዚያ ቤት ስገባ አንድም ሰው እንደ እንግዳ አላየኝም፤ መጋዙን ግን ቶሎ አልሰጡኝም።

ወደ ሥራችን። አዲሱን ፓምፕ የያዘው መንገደኛ የፎቶ አንሺውን ሱቅ ያውቃል። የሞተውን በእሱው እጅ መልሺልኝ፤ ከፍቼ ልየው። ውሃውን ሰማያዊ ያደረግሁት ለጌጥ አይደለም፤ የሆነ ቦታ ቢያፈስ እንድታዪው ነው። ፓምፑ ላይ ሰማያዊ ጠብታ ካየሽ አፍስሷል ማለት ነውና ወዲያው ንገሪኝ።

አንድ ነገር ቅር አለኝ። «አባባ ደህና ነው» ብለሽ ጣል አድርገሽ አለፍሽ። ድሮ ስለ ጋሼ ስትጽፊ ገጽ አይበቃሽም ነበር። ቀኑን በምን ያሳልፋል? ከማን ጋር ይጨቃጨቃል?

ዘንድሮ ልመጣ አስቤ ነበር። ይዤ የምመጣው ነገር ስላልተሰናዳልኝ ለከርሞ ይሁን።

ወንድምሽ መጋዝ


ሐምሌ 6 ቀን

ለተወደድከው ወንድሜ፤

ሰላምታዬ ከዝናቡ ቀድሞ ይድረስህ። እዚህ ሰማዩ ተቀዶ ነው የዋለው። ግድግዳው ላይ የሰቀልናቸው የሙሽሮች ፎቶዎች ጠርዛቸው እየተጠቀለለ ነው፤ ባለቤቴ «ገና ሳይጋቡ ተኮራረፉ» ይላል።

የዘገየሁት ጠፍቶኝ አይደለም፤ ምን ብዬ እንደምጽፍልህ ቸግሮኝ ነው። የላክኸው ፓምፕ ሞተ። እልም ብሎ ሞተ። ስንገጥመው እንዴት ያለ ደስታ ነበር መሰለህ። የዚያችን የሙሽሪት ቪዲዮ ጨረስኩ፤ እናትዮዋ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆማ አየችውና «እኔ ለምን ትንሽ ብቻ ወጣሁ?» ብላ ሄደች። ከዚያ የሰፈራችን ትምህርት ቤት የምረቃ ቪዲዮ ጀመርኩ፤ መሀል ላይ ፓምፑ እንደ ተነፈሰ ኳስ «ጥዝዝ» ብሎ ቀጥ አለ።

ሰማያዊ ጠብታ ካየሽ ብለኸኝ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፤ ጠብታ አይቻለሁ፤ ግን ሰማያዊ አይደለም። እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ያለ ነው። ፓምፑን በጨርቅ እጠርገዋለሁ፤ ከምሳ በኋላ ሳየው ደግሞ ሞልቶት ቁጭ ብሏል። ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ውሃ ግን ጠብ አላለም፤ ምልክቱ ባለበት ነው። አስማት ይመስላል።

ባለቤቴ ቀልዱን ተወ። ሲተው ደግሞ የባሰ ነው። «ይሄ ማሽን እንዲህ ከቀጠለ ሱቁ ውስጥ አንድ ነገር መለወጥ አለበት» አለ። ምን እንደሚለወጥ ግን ጨርሶ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

በረዶ ቤቱን ስታነሳው አባባ ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ አለ። «ሸክላ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ከንፈሩ አብሮኝ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ቦታው አሁን የጎማ መጋዘን ነው። ባለፈው በዚያ ሳልፍ በሩ ተከፍቶ ነበር፤ ሰጋቱራው የሸተተኝ መሰለኝና ቆምኩ። ጎማ ነው የሸተተኝ።

ሌላ ፓምፕ ብትልክልኝ። ይሄኛው የመጨረሻ ይሆናል። አባባ ደህና ነው፤ እየበላ እየጠጣ ነው።

እህትህ


ሐምሌ 25 ቀን

ጠብታዬ፤

ይህን ደብዳቤ በሁለት ወረቀት ነው የጻፍኩት። አንደኛው «ሰላም ለቤቱ ሁሉ» የሚለው ነው፤ እሁድ ጮክ ብለሽ አንብቢው። ዝናቡን፣ የሱቁን ሰውዬ ወንበርና ሹራቡን ነው የሚያወራው። ይሄኛውን ግን ለብቻሽ አንብቢው።

የሞቱት ሁለቱም ፓምፖች ደርሰውኛል። ከኋላ ያለችውን ክዳን ከፍቼ፣ ሞተሩን የምታዝዘዋን ትንሿን የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ አየኋት። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ነገር ነው ያለው። መዳቡ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል፤ የሽቦው መሰኪያ ጥርሶች ጠቁረዋል። ሰማያዊ ቀለም ግን ቅንጣት የለም። ስለዚህ ከውስጥ አላፈሰም። ያየሽው ውሃ ከአየሩ የመጣ ነው። ፓምፑ ከውጭ አልቦታል።

አየር ውስጥ ያለ እርጥበት ቀዝቃዛ ነገር ላይ ብቻ ነው የሚያርፈው። አንቺ የበረዶ ቤት ልጅ ነሽ፤ የበረዶ ቤቱ ቧንቧ እንዴት ያልበው እንደነበር፣ ጋሼ ለምን በጆንያና በባዘቶ ይጠቀልለው እንደነበር ረስተሽ ነው? የእኔ ማሽን ውሃ ግን ከክፍሉ አየር በታች ሊቀዘቅዝ አይችልም። ለብ ነው የሚለው። ራሴ ነኝ የሠራሁት፤ ማቀዝቀዣ የለውም፤ የማራገቢያ ነፋስ ብቻ ነው የሚነካው።

ስለዚህ ያን ውሃ አንድ ነገር እያቀዘቀዘው ነው። እኔ እዚህ ሆኜ ሳስበው አንድ ሰው ብቻ ይመጣብኛል። ሁለት ጊዜ ስለ ጋሼ ጻፍሽልኝ፤ ሁለቴም በአንዲት መስመር ሸኘሽኝ። የደበቅሽኝ ምንድን ነው?

ወንድምሽ


ነሐሴ 8 ቀን

ወንድሜ፤

ይህን የምጽፍልህ ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ነው። ባለቤቴ ፎቶ ሊያነሳ ሄዷል።

አዎ፣ አባባ ነው።

ደረቁ ወራት ላይ ነው የተጀመረው። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ እንዲሁ ሊያየኝ መጣ። ሙቀቱ አይጣል ነው፤ የማሽኑ ማራገቢያ ይጮኻል፤ እኔ ደግሞ ድምፅ እየቀዳሁ ስለነበር አፌን ከፍቼ እሳደባለሁ። አባባ ቀረብ አለና ማጠራቀሚያውን በመዳፉ ነካው። «ይሄ ልጅ ትኩሳት አለበት» አለ። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ በጆንያ የተጠቀለለ በረዶ ታቅፎ መጣ። የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ውሃ ሞልቶ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሮት ነው። አስበው፤ ፍሪጅ በየቤቱ ገብቶ ሥራውን የነጠቀው ሰው ፍሪጅ ውስጥ በረዶ ሲሠራ። ማጠራቀሚያውን ዙሪያውን በበረዶው አቀፈው፤ ትንሽ ቆይቶ ጩኸቱ ሞተ። ጸጥ አለ። አባባ ደረቱን ነፍቶ ሲወጣ ጀርባውን አየሁት፤ ጋሪውን የሚገፋው ያ የድሮው ሰውዬ ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልቀረም። መንገድ ላይ ሰው «ወዴት ነው አባባ?» ሲለው «ሥራ» ይላል።

አንድ ቀን በረዶው ቀልጦ የካሜራ ቦርሳ አራሰ። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ በጨዋ ደንብ «አባባ፣ ከእንግዲህ ቤት አረፍ ይበሉ» አለው። አረፈ። ኮፍያውን ሰቀለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ምሳ ሳቀርብለት «አልራበኝም፤ ምን ሠርቼ ይርበኛል?» አለኝ። አንጀቴን በላው። መቻል ሲያቅተኝ ሄጄ ዋሸሁት። «አባባ፣ ማሽኑ ያለ አንተ አልሠራ አለ» አልኩት። ኮፍያውን አነሳ። ባለቤቴን ደግሞ ወለሉ ላይ ጠብታ ካየህ እኔ ልጠየቅ ብዬ አስማማሁት። ከበረዶው ሥር ፕላስቲክ አነጠፍኩ፤ አንድም የቀለጠ ውሃ ፓምፑን እንዳይነካው ተጠንቅቄ ነበር። ላብ መኖሩን ረሳሁት። የበረዶ ቤት ልጅ ነሽ ማለትህ እውነትህን ነው፤ ግን በረዶ ቤቱ ውስጥ የሚያልበው ነገር ሁሉ ቢያልበው ምንም አይሆንም ነበር።

አሁን ባለቤቴ «ምክንያቱ በረዶው ከሆነ አባባ ሱቁ ውስጥ አይገባም፤ ቆርጫለሁ» ብሏል። ደብዳቤህን እየጠበቀ ነው። አባባም እየጠበቀ ነው፤ «መጋዝ ያውቀዋል» እያለ።

አንድ ነገር ለምንሃለሁ። እሁድ በሚነበበው ወረቀት ላይ በረዶውን እንዳታነሳ። ፋብሪካው አበላሽቶ ሠርቶት ነው በል። መብራቱ ነው በል። የፈለግኸውን በል። ፓምፕ ይሙት፤ ፓምፕ ይተካል።

እህትህ ጠብታ


ነሐሴ 29 ቀን

እህቴ፤

የዘገየሁት ስዋሽ ነው። እውነቴን ነው፤ ለጋሼ የሚነበብ ውሸት ለመጻፍ ተቀምጬ ስንት ወረቀት ቀደድኩ። «ፋብሪካው» ብዬ እጀምራለሁ፤ ከዚያ ጋሼ ዓይኔ ላይ ይመጣል። በልጅነቴ መጋዙን ሰርቄ አንድ ሙሉ ሸክላ አጣምሜ ቆርጬ ሳበላሽ ጋሼ «ምንም አልሆነም» አላለኝም። «አበላሽተኸዋል። ና ላሳይህ» አለኝ። እንዳልዋሽ ያደረገኝ ያ ነው መሰለኝ።

ስለ ፓምፑ መጀመሪያ ልንገርሽ። ሦስተኛው ከዚህ ጋር አለ፤ እሱን ለማዳን የማውቀውን ሁሉ አድርጌለታለሁ። ቦርዷን በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ አጥቤ፣ በደንብ አድርቄ፣ እርጥበት እንዳይነካት የጥፍር ቀለም ደጋግሜ ቀባኋት። ሱቅ ሄጄ ስገዛ ሻጯ «ለባለቤትህ ነው?» አለችኝ። «ለፓምፕ ነው» አልኳት። «እንዴት ዕድለኛ ፓምፕ ነው» ብላ ቀዩን አወጣችልኝ። ቀይ መሆኑ ጥሩ ሆነ፤ ሳልቀባው የቀረሁት ቦታ ወዲያው ይታየኛል። የመሰኪያውን ጥርሶች ግን ቀለም እንዳይነካቸው ተጠንቅቄአለሁ፤ እዚያ ቫዝሊን ነው የሞላሁት። ስትሰኪው ትርፉ ቢወጣ አትጥረጊው። ከውጭ ውሃ በማይጠጣ ስፖንጅ ጠቅልዬዋለሁ፤ አየር እንዳይገባ ጠርዙን አጣብቂው፤ አየር ከገባ ላቡ ከስፖንጁ ሥር ተደብቆ ይሠራል።

ይህ ሁሉ ግን ጊዜ ይገዛል እንጂ አያድንም። በዝናብ ወራት አየሩ ራሱ ውሃ ነው። በረዶው መቅረት አለበት።

የእሁዱ ወረቀት ከዚህ ሥር ነው። እባክሽ እንዳለ አንብቢው።

ጋሼ፤

እጅህን እስማለሁ። ይህን የምጽፈው ለአንተ ነው፤ ሌላው ይስማ።

ሁለቱንም ፓምፖች የገደላቸው በረዶህ ነው። ሞተሩን የምታዝዘው ትንሽ ቦርድ ፓምፑ ጀርባ ላይ አለች፤ አንተ ውሃውን ስታቀዘቅዘው ፓምፑ ያልበዋል፤ ላቡ ቦርዷን ያዝጋታል። ማሽኑን ትኩሳቱን ራሱ እንዲችል አስቤ ነው የሠራሁት። ሲጮህ አሞት አይደለም፤ እየሠራ ነው። ሐኪም አያስፈልገውም ነበር።

ይህን ሌላ ሰው ሊነግርህ አልፈለገም፤ ስለሚወዱህ ነው። እኔም እወድሃለሁ፤ ስለዚህ ነገርኩህ።

ልጅህ መጋዝ


መስከረም 21 ቀን

ወንድሜ፤

ሰላም ለአንተ ይሁን። መጀመሪያ ልውቀስህ፤ ከዚያ ሌላውን አወራሃለሁ።

ያቺን እሁድ ወረቀትህን ይዤ ተቀመጥኩ። «እጅህን እስማለሁ» አነበብኩ። «ሌላው ይስማ» አነበብኩ። ከዚያ ዓይኔ ወደ ታች ዘለለና «ልጅህ መጋዝ» ብዬ አረፍኩ። አባባ ዓይኑን ሳይገልጥ «ዘለልሽ» አለኝ።

«ምኑን?»

«እኔ ነኝ የማውቀው? መጋዝ እጄን ስሞ ብቻ አይሄድም። አንብቢ።»

አነበብኩ። ባለቤቴ ጣሪያውን ያያል። «ሐኪም አያስፈልገውም ነበር» የምትለዋን ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነበብኳት።

አባባ «ሁለቱንም?» አለ።

«ሁለቱንም።»

«ያለ እኔ አልሠራ አለ ያልሽኝስ?»

ተነስቶ ግቢ ወጣ። እዚያ ቆሞ ብቻውን ሲናገር ሰማነው፤ ጎረቤታችን ከአጥሩ በላይ አንገቷን አስግጋ «ማንን ነው?» አለችኝ በምልክት። አንተን ነው።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ አልመጣም። በሚቀጥለውም። አንተን ስረግምህ ሰነበትኩ፤ ይኸው ነገርኩህ። ባለቤቴ እንኳ፣ ያ «ቆርጫለሁ» ያለው ሰውዬ፣ ምሳ ሰዓት ሲደርስ በሩን ማየት ጀመረ። ፓምፑ ግን ይሠራል። የጥፍር ቀለሙን ለባለቤቴ ስነግረው «ለእኔ ካሜራም ትንሽ ይላክልን» አለ። ማራገቢያው ይጮኻል፤ ፓምፑ ደረቅ ነው።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ዝናቡ እየጣለ፣ በሩ ላይ ቆሞ አየሁት። ኮፍያው ይንጠባጠባል። ምንም አልያዘም። ሁለቱን እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት አንዴ ኪሱ ይከታቸዋል፣ አንዴ ያወጣቸዋል። በሕይወቴ አባባን ባዶ እጁን ሱቅ በር ላይ ቆሞ አላየሁትም።

«ሞተሩን ልየው ብዬ ነው» አለ።

ገብቶ ስፖንጁን ዳበሰው። ጣቱን አሸት አሸት አደረገና «ደረቅ ነው» አለ። «ልጁ በደንብ ጠቅልሎታል።» ከዚያ ዞሮ ሊወጣ ነው። ምን ልበለው? ምን ላሠራው?

ባለቤቴ የደንበኞቹን ወንበር አንስቶ ከእኔ ወንበር አጠገብ አስቀመጠው። «ወዴት ነው አባባ? ይቀመጡ እንጂ» አለው።

«ምን ልሠራ?»

«ምንም። ይቀመጡ።»

ተቀመጠ። መጀመሪያ ጫፉ ላይ ነበር። እኔም ሥራዬን ቀጠልኩ፤ ምን ላድርግ፤ የሠርግ ቪዲዮ ነው የያዝኩት። አባባ አንገቱን አስግጎ አየ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው ያኮረፈው?»

«አባባ፣ የሙሽራው ታናሽ ወንድም ነው።»

«ይሁና። ቁረጪው።»

«አይቆረጥም።»

«የሰው ሠርግ ላይ እንዲህ የሚያኮርፍ ለምን ይቀመጣል? ደግሞ ይቺን ጭፈራ አስረዘምሻት። እኔ ደከመኝ፣ እነሱ ምን ሆነው ነው የማይደክማቸው?»

ባለቤቴ ከመጋረጃው በስተኋላ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ሲያስል ሰማሁት።

አሁን በየቀኑ ይመጣል። ባዶ እጁን። ወንበሩ ላይ መደገፍ ከጀመረ ቆየ። የማይተቸው ሙሽራ የለም። «ይሄ ደስ ያለው አይመስለኝም» ብሎ አንዱን ሙሽራ ስንት ጊዜ አስመለሰኝ መሰለህ። የዚያች የመጀመሪያዋ ሙሽሪት እናት ለቅጂ መጥታ አግኝታው፣ ቁጭ ብለው በቪዲዮዋ ተጨቃጨቁ፤ «እውነታቸውን ነው፣ ትንሽ ብቻ ነው የወጡት» ብሎ ለእሷ አደላ። ባለቤቴ በጆሮዬ «በረዶው ይሻለን ነበር» አለኝ። ወንበሩን ግን ጠዋት ሱቅ ሲከፍት ራሱ ነው የሚያስተካክለው።

ደብዳቤ እየጻፍኩልህ እንደሆነ ስነግረው «ጫፉ ላይ ቦታ ተዪልኝ» አለ። ከዚህ ወዲያ ያለው የእሱ ቃል ነው፤ እየነገረኝ ጻፍኩት።

መጋዝ፣ ልጄ፤

ዕድሜ ይስጥህ። ተናድጄብህ ነበር፤ እህትህ ነግራሃለች። ግቢ ቆሜ ስሰድብህ አንድም የቀረ ስድብ አልነበረም፤ ይቅር በለኝ። በኋላ ሳስበው ግን፣ በረዶ ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ «አበላሽተሃል» ያለኝ ሰው የለም። ሁሉም «አባባ አረፍ በል፣ አባባ ብላ» ነው። «አበላሽተሃል» የሚባለው ገና ከሰው የሚቆጠር ነው። ደስ አለኝ ብዬ አልዋሽህም፤ ግን እንቅልፍ ወሰደኝ።

አንተም አንድ ነገር አበላሽተሃልና ልንገርህ። በየደብዳቤው «ይዤ የምመጣው ነገር አልተሰናዳም» ትላለህ። ምንህን ነው የምታሰናዳው? እኔ ሱቁ በር ላይ ምንም ሳልይዝ ስቆም መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። በረዶዬ ከሌለ ምን ይሉኛል ብዬ። ምንም አላሉኝም። ተቀመጥ አሉኝ።

ጉልበቴ ደህና ነው፤ ዓይኔ ግን እየደከመ ነው፤ የሙሽሮቹ ፊት እየደበዘዘብኝ መጥቷል። ለከርሞ አትበለኝ። ዝናቡ ሲያቆም ና። ሻንጣ አትሙላ። እጅህን አወዛውዘህ ና፤ አጠገቤ ወንበር አለ።

ጋሼህ